ተገልብጦ የታየ ዕጩ

ባሌን አልመረጥኩትም። ይህን የሰሙ ጎረቤቶች እስከ ዛሬ ሲያዩኝ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። ይነቅንቁ። እኔ ያንን ቀን ባሰብኩት ቁጥር ደረቴን ነፍቼ ነው የምሄደው።

የምንሠራው በአንድ የልብስ ስፌት ማኅበር ውስጥ ነው። አሥራ አምስት ሰው፣ አሥራ አምስት የስፌት መኪና፣ አንድ ረጅም የመቁረጫ ጠረጴዛ፣ ግድግዳውን ተደግፎ እስከ ጣሪያ የተደረደረ ጣቃ ጨርቅ። በየሦስት ዓመቱ ሰብሳቢ እንመርጣለን። እስከዚያ ቀን ድረስ ዘጠኝ ዓመት የመሩን ጋሼ ሜትር ነበሩ። ሜትሩ ከአንገታቸው የሚወርደው ሲተኙ ብቻ ነው ይባላል፤ እሱንም ቢሆን ባለቤታቸው አላረጋገጡልንም። በሳቸው ጊዜ ሲያፈስ የኖረው ጣሪያ ተቀየረ፣ አሮጌዎቹ መኪኖች በአዲስ ተተኩ፣ አንድም ትእዛዝ ከተባለበት ቀን አልዘገየም። ሰውየው ብዙ አያወሩም፤ ሲሠሩ ግን እንከን አይወጣላቸውም።

እሳቸውን ነው እንግዲህ ባሌ ልወዳደር ብሎ የተነሳው። ባልደረቦቹ «ነገ» ነው የሚሉት፤ ምንም ነገር ቢጠየቅ መልሱ ያችው ቃል ናትና። አልዋሽም፣ ዕቅዱ ያምር ነበር። ጓዳውን አጽድተን የሕፃናት ማቆያ እንከፍትበታለን፣ የሰው ትእዛዝ ከምንጠብቅ የራሳችንን ልብስ አውጥተን በራሳችን ሱቅ እንሸጣለን አለ። ግማሾቻችን እናቶች ነን። ማቆያ የሚለውን ሲሰሙ መኪናቸውን አቁመው የሚያዳምጡ ነበሩ። የሸሚዝ ቁልፍ ቀዳዳ የሚሠሩልን አንጋፋዋ እትዬ ቁልፍ ግን «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» ብለው ክራቸውን በጥርሳቸው በጠስ አደረጉ።

ሳምንቱን ሙሉ ክርክር ሆነ። ገሚሱ ሰው የሚመዘነው በሠራው ነው ሲል፣ ገሚሱ ባለፈ ክረምት ቤት አይሠራም ብሎ ይመልሳል። አንዷ ኮሌታ ግራና ቀኙን አዛብታ ሰፍታ «ምርጫው ነው» አለች። እኔ አልገባሁበትም፤ ምክንያት ነበረኝ።

ማኅበራችን አንድ የማይሻር ልማድ አለው። ማንም ሰው ልብስ ጨረስኩ ብሎ ሲያስረክብ የምንረከበው ገልብጠን አይተን ነው። ከውጭ ሁሉም ያምራል፤ ጉዱ ያለው ከውስጥ፣ ስፌቱ ላይ ነው። ዕጩንም እንደዚያው ገልብጠን እናያለን። በምርጫው ቀን ዕጩ ስለራሱ ትንፍሽ አይልም። ስለ እሱ የሚናገረው ከጎኑ ባለው መኪና ላይ የሚሠራው ሰው ነው። ከባሌ ጎን ያለችው መኪና ደግሞ የኔ ናት።

ባሌ ገና ጠዋት ፊቱ በርቶ ነበር። የምናገረውን በንድፍ ወረቀት ላይ ጽፎ ሰጠኝ። አጥፌ ኪሴ ከተትኩና የማውቀውን እናገራለሁ አልኩት። «የምታውቂውንማ እንዳትናገሪ» ብሎ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ፤ ግን ከልቤ አልነበረም። ሰውየው በዚያ ቅጽል ስም ሲቀለድበት አሥራ አንድ ዓመት ከኔ ጎን ተቀምጧል፤ አንድን ነገር እንዲህ ሲመኝ አይቼው አላውቅም። ብዋሽለት ደስ ይለዋል። ነገር ግን በዚያ ክፍል ውስጥ እኔ ያለኝ ሀብት ቃሌ ነው፤ እኔ «ደህና ነው» ያልኩትን ስፌት ማንም ደግሞ አይገለብጠውም። ያንን እምነት ካጣሁ ምን ይቀረኛል? እውነቱን ብናገር ደግሞ ባሌን በሰው ፊት ማዋረድ ነው። ፈራሁ።

መኪኖቹ ቆመው ሁላችንም በጠረጴዛው ዙሪያ ተቀመጥን። ለጋሼ ሜትር የተናገሩት ከጎናቸው የሚሠሩት እትዬ ቁልፍ ናቸው። ጣሪያውን፣ መኪኖቹን፣ ያልዘገዩትን ትእዛዞች ጠቅሰው ተቀመጡ። ሊጨምሩበት የሚገባ ነገርም አልነበረም። ከዚያ ተራው የኔ ሆነ። ወረቀቱን ከኪሴ አላወጣሁትም።

«እኔ እንግዲህ በሥራም በቤትም ከጎኑ ነኝ» ብዬ ጀመርኩ። «ቤት ውስጥ የገባልኝን ቃል ልንገራችሁ። የወጥ ቤቱን መደርደሪያ ከሰቀለልኝ አራት ዓመት ይሆነው ነበር፣ ቢሰቅለው ኖሮ። እናቱን በየወሩ እንጠይቃለን ብሎኛል፤ ዘንድሮ አንድ ጊዜ ሄደናል፣ እሱንም ታመው ነው። ልጃችንን ዋና አስተምርሻለሁ ብሏት ነበር። ልጅቷ ከጓደኞቿ ተምራ ጨርሳለች።»

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ባሌ አቀርቅሮ ጠመኔ ይፈረፍራል። አንጀቴን በላው፤ ግን አላቆምኩም።

«አንድ ነገር ደግሞ አለ። የነርሶቹን ልብስ ታስታውሳላችሁ።»

ማን ይረሳዋል። ከምርጫው ሦስት ዓመት በፊት ሁለት መቶ የነርስ ልብስ ታዝዘን፣ ባሌ ጨርቁን ሳይነክር ቆረጠው። አዲስ የጥጥ ጨርቅ ተነክሮና ደርቆ ካልተቆረጠ መጀመሪያ ሲታጠብ ተሰብስቦ ያጥራል፤ ይህን ልብስ ሰፊ ሁሉ ያውቃል። እሱ ጨርቁ ሰው ሠራሽ ክር የተደባለቀበት፣ የማያጥር መስሎት ነው። ነርሶቹ አንዴ አጥበው ሲለብሱት እጅጌው ክርናቸው ላይ ቀረ፤ የታናሽ እህታቸውን ልብስ የለበሱ መሰሉ። ሁሉንም እንደገና ሰፋን። ያን ቀን ባሌ ከእንግዲህ ያልተነከረ ጣቃ ጠረጴዛ ላይ አይወጣም፣ እኔው ራሴ እነክራለሁ ብሎ ተናገረ። እትዬ ቁልፍም «መቼ? ነገ?» ብለው አስቀውበታል።

«ጠዋት ስትገቡ ጨርቁን ገመድ ላይ ተሰጥቶ የምታገኙት ዘበኛው እያሰጣላችሁ ይመስላችኋል» አልኩ። «እሱ ነው። ከሁላችሁ ቀድሞ ይገባል። ትኩሳት ይዞት እንኳን መጥቶ ነክሯል፤ ከገንዳው ስናወጣው የጨርቁን ሌላ ጫፍ የያዝኩት እኔ ነኝ። በሦስት ዓመት አንድም ጣቃ አላመለጠውም። የማውቀው ይህን ነው። ስለ ማቆያውና ስለ ሱቁ አላውቅም፤ ያላየሁትን አልመሰክርም።»

ተቀመጥኩ። የሚስቅ ሰው አልነበረም። ባሌ ቀና ብሎ አላየኝም።

ድምፅ የምንሰጠው በቁልፍ ነው። ከልብስ መለኪያው መጋረጃ ጀርባ ጣሳ ይቀመጣል፤ ጥቁር ቁልፍ ለጋሼ፣ ነጭ ለባሌ። ተራዬ ሲደርስ ጥቁሩን ከተትኩ። ብርድ ሲመጣ የሚለበሰው የተሰፋ ልብስ ነው፤ ንድፍ አያሞቅም። አንድ የተጠበቀ ቃል ደግ ነገር ነው፣ ግን ለዘጠኝ ዓመት ሥራ መተኪያ አይሆንም ብዬ አመንኩ። ዛሬም የማምነው ያንኑ ነው።

እትዬ ቁልፍ ጣሳውን ጠረጴዛው ላይ ገለበጡት። ሰባት ጥቁር፣ ስምንት ነጭ። አላመኑምና ደግመው ለዩት፤ ያው ነው።

«አንዷ ነጭ የኔ ናት» አሉ ጋሼ ሜትር።

እትዬ ቁልፍ ምን ነካዎት ብለው ቆጣ አሉ። ጋሼ ግን የተረጋጉ ነበሩ።

«በሠራሁት አላፍርም» አሉ። «ግን የሚመጣውን ሦስት ዓመት ምን ልታደርግበት ነው ብትሉኝ መልስ የለኝም። ሐሳብ ያለው እሱ ነው። የፈራሁት ቃል የሚባል ነገር አያውቅ እንደሆነ ነበር። አንዱን ጠብቋል። የቀረውን እናንተ ታስጠብቁታላችሁ።»

ከዚያ ወደ ባሌ ሄደው እጁን ጨበጡት። ባሌ ጎንበስ ብሎ በሁለት እጁ ተቀበላቸው።

ወደ ቤት ስንሄድ ሁለተኛው መታጠፊያ ላይ ወደኔ ዞረ።

«አንቺስ? ነጭ ነው ጥቁር?» አለኝ።

«ጥቁር።»

ቆመ። «ሚስቴ አይደለሽ እንዴ?»

«ምስክርህም ነኝ።»

«እሺ፣ መደርደሪያውን ባታነሺው ምን ነበረበት?»

«መደርደሪያውን ባላነሳ ጋሼ የጨርቁንም አያምኑኝም ነበር» አልኩት።

መንገዳችንን ቀጠልን። እንደከፋው ያስታውቃል፤ እንደገባውም ያስታውቃል። በኋላ ክንዴን ያዘኝ።

«ማቆያውን መቼ እከፍታለሁ ብል ነበር የምትመርጪኝ?»

«ከከፈትከው በኋላ» አልኩት።