የእጣቢው ጉድጓድ

አቶ ሣህሉ ከጅማ ወደ አጋሮ በሚወስደው መንገድ ዳር የቡና ማጠቢያ ያቋቋሙት በ፲፱፻፷፫ ዓ.ም. ነበር። እሸት ቡናው ተፈልፍሎ ሲታጠብ የሚወጣው እጣቢ በመጀመሪያው ዓመት በቀጥታ ወንዝ ይገባ ነበር። ከብት ወንዙን አልጠጣም አለ፤ የታች አገር ሰዎችም እስከ ወረዳ ገዢው ድረስ ሄደው ከሰሱ። በዓመቱ አቶ ሣህሉ ከማጠቢያው ጀርባ ትልቅ ጉድጓድ አስቆፍረው እጣቢውን ወደዚያ መለሱት። ወንዙ ጠራ፤ ሰውም መረቃቸው። እሳቸውም ለመጣ እንግዳ ሁሉ ጉድጓዱን እያሳዩ፣ «ቀኑን ሙሉ ይፈስበታል፤ ሞልቶ ግን አያውቅም» ይሉ ነበር።

ሚስታቸው ወርቂቱ ነገሩን ልብ ያለችው በጥቅምት ነው። ዘበኛው ደበበ ጠዋት ጠዋት ከላይኛው ምንጭ አንድ ገንቦ ውሃ እያመጣ ባሏ ክፍል ያስቀምጣል። ጓሯቸው ውስጥ የውሃ ጉድጓድ እያለ።

«የምንጭ ውሃ ምን አስመኘዎት?» አለቻቸው።

«ለጨጓራዬ ነው። ሐኪም አዞኝ።»

ሐኪም ዘንድ መቼ እንደሄዱ አላስታወሰችም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ዓይኗን ከባሏ ላይ አልነቀለችም።

ከአጥራቸው በታች ልብስ ሰፊው ጀማለዲንና ሚስቱ ዘሀራ ይኖራሉ። ኅዳር ሲገባ የእነሱ ጉድጓድ ውሃ ሻይ መሰለ፤ ሽታው አፍንጫ ይሰነፍጣል። ልጆቻቸው በተቅማጥ ወደቁ። ጀማለዲን ከወንድሙ ከጅብሪል ጋር በአባታቸው ቦታ ተጣልቶ ከርሟል። አንድ ጎረቤት ደግሞ «ጅብሪል ጉድጓዱ አፍ ላይ ጎንበስ ብሎ አይቼዋለሁ» አለ።

«ጠምቶኝ ቀድቼ ጠጣሁ እንጂ ምንም አልጣልኩም፤ ወላሂ» አለ ጅብሪል። ማን ይመነው። እሱ ሲያልፍ ሴቶች እንስራቸውን ይከድኑ ጀመር።

አንድ ጠዋት ዘሀራ ወርቂቱ ዘንድ መጣች።

«እትዬ ወርቂቱ፣ ማሎ፣ ለልጆቹ ከእርስዎ ጉድጓድ ልቅዳ።»

ወርቂቱ ራሷ ልትቀዳላት ባልዲውን ስትስብ አንድ ነገር ሸተታት። የለም ቢሉት የለም፣ አለ ቢሉት አለ፤ ቀጭን ሽታ ነው። ቀና ስትል ሣህሉ በረንዳው ላይ ቆመው ያዩአታል። ዓይን ለዓይን ሲገጣጠሙ ፊታቸውን አዙረው ገቡ። ወርቂቱ ውሃውን ደፋችው። ከባሏ ክፍል ገንቦውን አንሥታ ለዘሀራ ሰጠቻት።

ያን ሳምንት ከጁምዓ ሶላት በኋላ ሽማግሌዎች በሣህሉ ግቢ ዋንዛው ሥር ተሰበሰቡ። ጅብሪል ቁርዓን ይዞ እንዲምል፣ አልምልም ካለ መንደሩን እንዲለቅ ነው ነገሩ። ሣህሉም የአገር ሽማግሌ ሆነው መሀል ተቀምጠዋል። ጅብሪል ሊነሣ ሲል ወርቂቱ በብርጭቆ ውሃ ይዛ መጣች። ባሏ ፊት ቆመች።

«ከጓሯችን ጉድጓድ የተቀዳ ነው። ይጠጡ።»

«አልጠማኝም።»

«ለመቅመስ ጥም አያስፈልግም። እሱ ከመማሉ በፊት ይቅመሱልኝ።»

ሣህሉ ብርጭቆውን ተቀበሉ። አዩት። መልሰው መሬት ላይ አስቀመጡት።

ሼህ ሱሌይማን፣ ከሽማግሌዎቹ ታላቁ፣ ብርጭቆውን አንሥተው አሸተቱት። ከዚያ ቀስ ብለው፣ «አቶ ሣህሉ፣ ያ ጉድጓድ ሞልቶ አያውቅም ይሉን ነበር» አሉ። «ታዲያ የፈሰሰበት ሁሉ ወዴት ይሄዳል?»

ሰዎቹ ተነሥተው ወደ ማጠቢያው ሄዱ። ጉድጓዱ ወለሉ አሸዋና ጠጠር ነው፤ ቁልቁለቱ በሣህሉ ጓሮ አልፎ በቀጥታ ወደ ዘሀራ ቤት ያመራል። ጀማለዲን ጉድጓዱንም ወንድሙንም አንዴ አየና አንገቱን ደፋ።

ሰው ሲበተን ወርቂቱ ባሏን ብቻቸውን አገኘቻቸው።

«ከመቼ ጀምሮ ነው ያወቁት?»

«ጠረጠርኩ እንጂ አላወቅኩም። የቡና መፈልፈያውን መኪና የገጠመው ሰው፣ ከውሃ ጉድጓድ በላይ አትቆፍር ብሎኝ ነበር።»

«እኔና ልጆቻችን ከዚያው ስንጠጣ እያዩ?»

ሣህሉ መሬት መሬቱን እያዩ፣ «ለሁላችሁም ከምንጭ ባስቀዳ ሰው ለምን ብሎ ይጠይቅ ነበር» አሉ።

በማግስቱ ወርቂቱ ልጆቿን ይዛ ጅማ እህቷ ፋንቱ ዘንድ ሄደች።

ሣህሉ ሥራ አቁመው ጉድጓዱን አስደፈኑ። በቀጣዩ ዓመት እጣቢው የተመራው ከመንደሩ በታች፣ ከውሃ ጉድጓዶቹ ሁሉ ርቀው ወደተቆፈሩ ጥልቀት የሌላቸው ኩሬዎች ነው፤ ወለላቸው በሸክላ አፈር ተጠቅጥቆ፣ ፀሐይ እንዲያደርቀው። ሼህ ሱሌይማን ራሳቸው ወርደው በዱላቸው ወለሉን እየወጉ አዩት። የዘሀራ ጉድጓድ ውሃው ደጋግሞ እየተቀዳ ተደፍቶ፣ ክረምቱ ካለፈ በኋላ ጠራ። ጀማለዲን የወንድሙን ጉልበት ይዞ አውፍ በለኝ አለ። ጅብሪልም አውፍ አለው፤ ግን ጅማ፣ ሄርማታ ገበያ ሱቅ ተከራይቶ እዚያው ቀረ።

ወርቂቱ በመስከረም ተመለሰች። ከሣህሉ ጋር በአንድ ማዕድ ይቀመጣሉ። ሲወጡ ወዴት፣ ሲገቡ ከየት እንደሆነ ትጠይቃቸዋለች። ይነግሯታል። እሷም ሰምታ ስታበቃ ወጣ ብላ ደበበን ትጠይቀዋለች።