የኮሎኔሉ ዋናተኛ

ሰው ዋና እንዲችል በትእዛዝ ማድረግ ይቻላል? እናንተን ነው የምጠይቀው፤ ትከሻችሁን አትስበቁብኝ! ባሕር ዳር፣ ጣና ዳር በሰፈረ አንድ ሬጅመንት ውስጥ ይቻላል ተብሏል።

እኔ አስር አለቃ ወለላ ነኝ፤ የሬጅመንቱ አሰልጣኝ ቡድን የሕክምና ረዳት። አለቃችን ሃምሳ አለቃ ክንዱ ነው። በመስከረም የውሃ ማቋረጥ ስልጠና ስንጀምር ክንዱ አንድ ደንብ አወጣ። ስልጠናው ሲያልቅ አሰልጣኙ ሰልፉ ፊት ወጥቶ የእያንዳንዱን ምልምል ስም ይጠራና «በቅቷል» ወይም «አልበቃም» ይላል። በገዛ አፉ፣ በሰው ፊት። «ወረቀት አያፍርም፤ ሰው ግን ያፍራል» ይል ነበር። አልበቃም የተባለ ጥልቁ ውስጥ አይገባም። የመስከረሙም የጥር ወሩም ዙር በዚሁ ደንብ አለፈ፤ አንድ ሰው አልሞተብንም።

ሀዲስ በሚያዝያው ዙር መጣ። የቆላ ድባ እህል ነጋዴ ልጅ ነው። በሩጫ የሚቀድመው አልነበረም፤ ውሃ ውስጥ ግን እግሩ አያርፍም። ጣና ላይ ይህ ክፉ ነው፤ እምቦጭ የሚባለው የውሃ አረም አለና። እምቦጭን በረገጣችሁት ቁጥር ሥሩ ይጠመጠምባችኋል። መውጫው በጀርባ ተንጋሎ፣ እግርን ትቶ፣ በእጅ ብቻ መሳብ ነው።

«አንተ የጤፍ ነጋዴ ልጅ!» ይጮህበታል ክንዱ። «ሐይቁን ልትወቃው ነው ወይስ ልትዋኝበት?»

«ሃምሳ አለቃ፣ እኔ የምችለው መስጠም ብቻ ነው። እሱንም ማንም አላስተማረኝ።»

ሰውን ሁሉ ያስቃል እንጂ ለውጥ አልነበረውም። ክንዱ ጧት ጧት ለብቻው ያሰለጥነው ጀመር። ጊዜ ቢሰጠው ይችል ነበር። አልተሰጠውም።

በሰኔ እንግዶች ይመጣሉ ተባለ። የሬጅመንቱ አዛዥ ኮሎኔል ጌትነት አርባ ዋናተኞች አሳያለሁ ብለው ቃል ገብተዋል፤ ምልምሎቹ ደግሞ ሀዲስን ጨምሮ ልክ አርባ ናቸው። ስልጠናው ባለቀ ዕለት ክንዱ ሰልፉ ፊት ወጣና ስም መጥራት ጀመረ። ሀዲስ ላይ ሲደርስ ድምፁ አልተለወጠም።

«አልበቃም።»

ኮሎኔሉ ድምፅ ማጉያውን ከእጁ ወሰዱት። «ሀዲስ ገብረ ኪዳን፣ በቅቷል!»

ማጉያውንም አልመለሱለትም።

«ጌታዬ፣ ልጁ እምቦጭ ውስጥ ይረግጣል» አለ ክንዱ።

«ጦርነት የአንተን ጥምቀት አይጠብቅም፣ ክንዱ።»

«አይጠብቅም ጌታዬ። ውሃውም ትእዛዝ አይሰማም።»

«ወደ ቦታህ!»

የትርኢቱ ቀን ነፋሱ ከሰሜን ተነሥቶ ነበር። አረንጓዴው እምቦጭ ምንጣፍ መስሎ ዋናተኞቹ በሚያልፉበት መስመር ላይ ተነጥፏል። ክንዱ የነፍስ አድን ጃኬቶቹን ሊያከፋፍል ሲሄድ አጣቸው። ጀልባ ላይ ሆነው ለሚመለከቱት እንግዶችና ለካሜራ ባለሙያዎቹ ተሰጥተዋል! ጀልባው ላይ ተቀምጦ ሳንቡሳ ለሚበላ ሰው ጃኬት፤ ለሚዋኘው ባዶ ደረት። ክንዱ ወደ ኮሎኔሉ ሮጦ «ቢያንስ መስመሩን እንቀይር» አላቸው። ሰዓታቸውን አይተው «ጊዜ የለም» አሉት።

ሀዲስ አጠገቤ ቆሞ ጫማውን ይፈታል።

«አስር አለቃ፣ ከሰመጥሁ ስልኬን ውሰጂው። መስታወቱ ግን የተሰነጠቀ ነው።»

«እምቢ በል፣ ሀዲስ።»

«አባቴ ይኸው እዚያ ተቀምጧል። በፊቱ ፈሪ ልባል?»

አቶ ገብረ ኪዳን ከተጋባዥ ቤተሰቦች መካከል፣ ነጭ ጋቢያቸውን ለብሰው፣ ለልጃቸው እጃቸውን ያወዛውዛሉ።

ፊሽካው ተነፋ። አርባው ገቡ። እምቦጩ ዘንድ ሲደርሱ ሌሎቹ በጀርባቸው ተንጋለሉ። አንዱ ግን ውሃውን መርገጥ ጀመረ። በርቀትም ቢሆን ማን እንደሆነ አወቅሁት።

«እግርህን ተው! ተንጋለል! እግርህን ተው!» ክንዱ ከነልብሱ ዘሎ ገባ። የሀዲስ እጅ ሁለት ጊዜ ከቅጠሉ በላይ ወጣ። ከዚያ ቅጠሉ ብቻ ቀረ። ጀልባው ላይ ያሉት ትርኢት መስሏቸው ያጨበጭባሉ።

ክንዱ ሥሩን በጥርሱ ጭምር እየቆረጠ ልጁን ወደ ዳር አወጣው። እኔ ደረቱን ተጫንሁ፤ በአፉ ተነፈስሁ፤ ደግሜ ተጫንሁ። ክንዴ እስኪዝል ተጫንሁ። ሀዲስ አልተነፈሰም። አባቱ መጥተው አጠገቤ ተንበረከኩ፤ በጋቢያቸው እግሩን ያደርቁለት ጀመር።

ይህ ሁሉ ሲሆን መድረኩ ላይ ድምፅ ማጉያው ተከፈተ።

«በአሰልጣኞች ቸልተኝነት ምክንያት አሳዛኝ አደጋ ደርሷል» አሉ ኮሎኔሉ። «ኃላፊው ሃምሳ አለቃ ክንዱ በቁጥጥር ሥር ይውላል።»

ሁለት ወታደሮች ሃምሳ አለቃ ክንዱን፣ ከልብሱ ውሃ እየተንጠባጠበ፣ ግራና ቀኝ ያዙት። ከሰልፉ አንድ ሰው አልተነፈሰም፤ ያን ዕለት «በቅቷል» ሲባል በጆሮው የሰማ ሰልፍ!

ተነሣሁ። መድረኩ ላይ ወጣሁ። የሚያስቆሙኝ መስሎኝ ነበር፤ ማንም አላስቆመኝም።

«ኮሎኔል፣ ማጉያውን አይዝጉት። አቶ ገብረ ኪዳን እዚህ ናቸው፤ እንግዶቹም እዚህ ናቸው። አሰልጣኙ አይችልም ያለውን ልጅ፣ ያለ ጃኬት፣ እምቦጭ ውስጥ ያስገባው ማን ነው? ለእኔ አይደለም፤ ለአባቱ፣ ይህ ሁሉ ሰው እየሰማ፣ አሁኑኑ ይመልሱ!»