ከጦሩ ቀድሞ የገባው ዳቦ

ዋና ከተማዋ ነጻ የወጣችበት አርባኛ ዓመት ሊከበር ሦስት ሳምንት ሲቀረው፣ አንዲት የማዘጋጃ ቤት ሠራተኛ መቅረጸ ድምፅ ይዛ ጋሼ ፍሬቻ ቤት መጣች። ጋሼ ፍሬቻ በጦርነቱ ጊዜ የዳቦ መኪና ሹፌር ነበሩ።

«ከተማዋን ነጻ ሊያወጡ ሲገቡ ምን ተሰማዎት?»

«መንገድ የሳትኩ መሰለኝ» አሉ። «ስቼም ነበር።»

ያን ቀን ጠዋት ስምንት መቶ ዳቦ ጭነው ወደ ጦሩ ሲሄዱ ጉም ወርዶ ነበርና፣ መገንጠያው ላይ በግራ መታጠፍ ሲገባቸው በቀኝ ታጠፉ። «ፍሬቻ» የሚለው ቅጽል ስምም የወጣላቸው ከዚያ ወዲህ ነው። ጉሙ ሲገፈፍ ራሳቸውን ከከተማዋ አደባባይ መሀል አገኙት። ጠላት ሊነጋጋ ሲል ለቆ ወጥቷል፤ ጦሩ ገና ከወንዙ ማዶ ነው። አደባባዩ ላይ የውሻ ዘር እንኳ አይታይም።

አንዲት ልጃገረድ በር ገርበብ አድርጋ «ወታደር ነህ?» አለች።

«ዳቦ ነኝ» አሉ ደንግጠው።

አንድ ዳቦ ወሰደችና በሩን ዘጋችባቸው። ወዲያው ደግሞ ሰፈሩን በሙሉ አስከትላ ተመለሰች። ከተማው እህል ካየ ወራት አልፎታል። ጦሩ እኩለ ቀን ላይ በታንክ ሲገባ ዳቦው አልቆ፣ ሹፌሩ ሰው ትከሻ ላይ ነበሩ። የጦሩ አዛዥ ሻለቃ አስወረዷቸውና «የጦር ቀለብ አባክነሃል» ብለው ሦስት ቀን አሰሯቸው። ነጻ የወጣችው ከተማ የመጀመሪያ እስረኛ እሳቸው ሆኑ። ያቺ ልጃገረድ ስንቅ አመላለሰችላቸው፤ በዓመቱም ተጋቡ።

ሠራተኛዋ መቅረጸ ድምፁን አጠፋች። «የእስሩን ነገር ብንተወውስ?»

«ተዪው፤ እኔም ትቼዋለሁ።»

«እኔ አልተውኩትም» አሉ ሚስታቸው ከጓዳ።

በበዓሉ ቀን ድንኳኑ ውስጥ ከሻለቃው አጠገብ አስቀመጧቸው። ሻለቃው ሰማንያን አልፈው ምርኩዝ ይዘዋል። ሁለቱም ዓይናቸውን ከሰልፉ ላይ አልነቀሉም።

«ያን ቀን ጦሩ ጦሙን ነው የዋለው» አሉ ሻለቃው።

«አውቃለሁ፣ ጌታዬ።»

«አታውቅም። ሬዲዮ የሚይዝልኝ ልጅ ‹ዳቦው መጣ እንዴ?› ብሎ ጠየቀኝ። ‹ይመጣል› አልኩት። ከዚያ ድልድዩ ላይ ፈንጂ ረገጠ።»

ጋሼ ፍሬቻ ይህን የዳቦ ታሪክ በየሠርጉ እያወሩ ሰው ሲያስቁበት ኖረዋል። ስለዚህ ልጅ የነገራቸው ግን አልነበረም።

«ሦስት ቀን አንሶኛል እንግዲህ» አሉ።

«የለም። የገደለው ፈንጂ ነው፤ ረሃብ አይደለም። ያኔ ግን የምቆጣው ሰው ፈለግኩ፤ ቅርብ የተገኘኸው አንተ ነበርክ።»

ሰልፉ አልፎ ሲያበቃ ጋሼ ፍሬቻ የልጁን ስም ጠየቁ። ሻለቃው ነገሯቸው፤ ታናሽ እህቱ በሕይወት እንዳለችም ጨመሩ። ሻለቃው አርባ ዓመት ሙሉ ደጇን መርገጥ አቅቷቸው ኖረዋል።

በሳምንቱ ሁለቱ ሽማግሌዎች አብረው ሄዱ። እህቱ ወንበር ሰጥታ ፊት ለፊታቸው ተቀመጠች። ሻለቃው ስለ ወንድሟ ማውራት ጀመሩ፤ ጋሼ ፍሬቻ ቆባቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው አዳመጡ።