ለሁለት የተከፈለችው ተክል

የካቲት 14 ቀን 1974 ዓ.ም. ነበር፤ ዕድሜዬም አርባ ስምንት። ሥራዬ በአንድ የዕፅዋት ማኅደር ውስጥ ናሙናዎችን በጋዜጣ መካከል አስተኝቶ፣ በጣውላ ተጭኖ ማድረቅ ነበር። ፊደል የቆጠርሁትም በአርባ ሦስት ዓመቴ፣ ከእነዚያው ጋዜጦች ላይ ነው። ስለዚህ በዕድሜ የምትበልጠኝ የቢሮው ጸሐፊ «ፕሮፌሰር» እያለች ትቀልድብኝ ነበር።

በዚያ ጠዋት ኃላፊያችን፣ ዶክተሯ፣ ከእርጥብ ደን አንዲት ትንሽ ተክል ከነሥሯ በላስቲክ ጠቅልለው አመጡ። አገዳዋ ለጋ፣ ቁመቷ ስንዝር፣ ጫፏ ነጭ አበባ ነው። ደኑ እየተመነጠረ መሆኑን፣ በሁለት ሳምንት ፍለጋም ከእርሷ በቀር ሌላ እንዳላገኙ ነገሩኝ። ለሊቃውንት የምትታወቀው ከሥር እስከ አበባ ደርቃ ስትቀመጥ ነውና ከቀትር በፊት እንድጫናት አዘዙ። ከተጫነች ግን አበቃላት።

ጭቃዋን ሳጥብ ሥሯ ለሁለት ተከፍሎ፣ በአንደኛው ወገን ቡቃያ አቆጥቁጦ አየሁ። ወዲያው ሄጄ አበባ ያለውን ግማሽ ላድርቅ፣ ቡቃያውን ልትከል ብዬ ለመንኋቸው። ናሙናው ጎዶሎ ይሆናል ብለው ተከራከሩኝ።

«ጋሼ፣ እጅዎ ቢስትስ? ሁለቱንም ማጣታችን ነው።»

«አይስትም፣ ዶክተር።»

ሥሯን አገላብጠው አዩ። በመጨረሻም «እንግዲያው በእኔ ስም አይደለም፤ መከፈሏን በራስዎ ስም ይጻፉት» አሉኝ።

ጸሐፊዋ ቀና ብላ «ፕሮፌሰር፣ ጉድህ ዛሬ ነው የሚታየው» አለች፤ ቢላውን የሳለችልኝም እርሷው ናት።

አንድ ጊዜ ብቻ ቆረጥሁ። ቡቃያውን በጣሳ ተክዬ፣ ግድግዳው ከማይደርቀው መታጠቢያ ክፍል አኖርሁት። ከዚያም በናሙናው ወረቀት ግርጌ፣ በሕይወቴ ለመዝገብ የሚሆን ቃል ስጽፍ የመጀመሪያዬ ነው፣ «ግማሹ ይህ ነው፤ ሌላው ግማሽ በሕይወት አለ» ብዬ ስሜን ጻፍሁበት። ቀለሙ እስኪደርቅ አልተጠራጠርሁም፤ ከደረቀ በኋላም እንደዚያው።

በአሥራ ዘጠነኛው ቀን ቡቃያው ቅጠል ዘረጋ። ዶክተሯ በጣሳው ላይ አጎንብሰው ቆዩ። ከዚያ ቁም ሣጥኑን ከፍተው ወረቀቱን አወጡና ከእኔ ስም በታች ፈረሙ።

ቀኑን ወይም የማንንም ቃል አዛብቼ እንደሆነ፣ በዚያን ጊዜ አብራችሁን የሠራችሁ ሁሉ ታርሙኝ ዘንድ እለምናለሁ።