የላይ ድርሻ

አወቀ እንደ ወትሮው ጎህ ሲቀድ ተነሣ። ፊቱን ታጠበ፤ ሚስቱ ጥሩብርሃን ያቀረበችለትን የገብስ ቂጣ በላ፤ መጋዙን በጆንያ ጠቅልሎ ወጣ። የአምበር ከተማ ጭጋግ ለብሳለች። አናጺ በብርቱ የሚፈለገው ከክረምት በፊት ነው፤ ጣሪያ ያልዘጋ ሁሉ ዝናብ እንዳይቀድመው ስለሚሯሯጥ የእጅ ዋጋ ከፍ ይላል። ዘንድሮ ግን መንገዱ አንድ ቀን ተከፍቶ ሌላ ቀን ይዘጋል፤ የቆርቆሮና የምስማር ዋጋ ሰማይ ነክቷል፤ ቤት ሊሠራ ያሰበው ሁሉ አሳቡን ትቷል። ከፋሲካ ወዲህ አወቀን የጠራችው ነጋዴዋ ፋጢማ ብቻ ናት። አዲሱ ሱቋ የጣሪያው እንጨት፣ ወራጁ፣ ቆሞ ቆርቆሮ ይጠብቃል።

ፋጢማ የእድሜው እኩያ ናት፤ ክርክርም ትወዳለች።

"አያ አወቀ፣ ቆርቆሮውን በወርቅ ዋጋ ገዝቼ፣ አንተም እንደሱ ትወደድብኝ?"

"እኔ እንኳ አልዝግም።"

"ትዝጋለህ እንጂ! አምና ወድቀህ አልነበር?" ሳቀች። ከዚያ ሳቋን ተወችው። "ያልኸውን እከፍላለሁ። ብቻ ላይ ወጥተህ የምትመታው ራስህ ሁን።"

"ታዲያ ሌላ ማን ሊወጣ ኖሯል?"

ሃያ ዓመት ያህል ላይ ሆኖ የሚመታው አወቀ፣ ከታች ቆርቆሮ የሚያቀብለው ባልንጀራው ዘመንፈስቅዱስ ነው። ከሚከፈላቸው ከሦስት እጅ ሁለቱን የላይኛው ይወስዳል። ደንቡን ያወጣው አወቀ ነው። ዘመንፈስቅዱስ ሙያውን እኩል ካወቀ በኋላ ድርሻው ይስተካከል ባለ ቁጥር፣ "ድርሻው የሰው አይደለም፣ የቦታው ነው። የሚወድቀው የላይኛው ነው" ይለው ነበር።

አምና አማኑኤል ከተማ ላይ አወቀ ከጣሪያ ወደቀ። የተሰበረው የዳሌው አጥንት ገጥሟል። ከዚያ ወዲህ ግን ከፍታ ላይ ወጥቶ አያውቅም፤ ፍርሃቱንም ለጥሩብርሃን እንኳ አልነገራትም።

ዘመንፈስቅዱስ ከታች ቆሞ፣ አወቀ መዶሻውን ይዞ መሰላሉን መውጣት ጀመረ። ግማሽ ላይ ሲደርስ እግሩ መንቀጥቀጥ ያዘ፤ መሰላሉም አብሮ ተንቀጠቀጠ።

"አያ አወቀ፣ ወፍ አየህ እንዴ?" አለ ከመንገድ አንድ ጋሪ ነጂ። "ወይ ውጣ፣ ወይ ውረድ!"

ወረደ።

"ነፋስ አለ" አለ። አንድ ቅጠል አይነቃነቅም ነበር።

"አለ፣ አያ። ብርቱ ነፋስ ነው" አለ ዘመንፈስቅዱስ። መዶሻውን ከእጁ ተቀብሎ ወጣ።

ፋጢማ ከደጃፍ ቆማ ታይ ነበር። አወቀ እንዳትናገር ፈራ፤ ዝም ስትል ደግሞ ባሰበት። ቀኑን ሙሉ አንገቱን ደፍቶ ቆርቆሮ አቀበለ። ሥራው አምሮ አለቀ። ፋጢማም ከቃሏ ሳታጎድል ሙሉውን ከፈለች። የከፈለችው ግን በዘመንፈስቅዱስ እጅ ነው።

ዘመንፈስቅዱስ ጥግ ይዞ ብሩን ለሁለት እኩል ከፈለው። "እንካ፣ አያ።"

አወቀ ከጠቅላላው ከሦስት እጅ አንዱን ብቻ ወስዶ የቀረውን መለሰለት። "የቦታው ነው ብያለሁ።"

"ያን ያልኸው በጉልበትህ ጊዜ ነው።"

"ያኔ ልክ ከነበረ ዛሬም ልክ ነው።"

ዘመንፈስቅዱስ ብሩን አጥፎ ያዘ። አንድ ጊዜ ደግሞ ቢለምነው አወቀ ይቀበለው ነበር። ዘመንፈስቅዱስ ግን ሃያ ዓመት ከሦስት አንድ እጅ ሲቀበል የኖረ ሰው ነው። ወደ ኪሱ ከተተው።

በሳምንቱ መሳፍንት የሚባል ገበሬ ቤት ሊያሠራ ከጉንደ ወይን መጣ። ፋጢማ ጋ ጠይቆ ነው የመጣው። በአወቀ ደጃፍ ሲያልፍ አንገቱን ዝቅ አድርጎ ሰላምታ ሰጠና ወደ ዘመንፈስቅዱስ ቤት ሄደ፤ ዋጋውንም እዚያው ተነጋግረው ጨረሱ። ማታ ዘመንፈስቅዱስ መጥቶ፣ "ሰኞ እንሄዳለን፣ አያ" አለው። ዋጋውን በስንት እንደቆረጠ አልነገረውም፤ አወቀም አልጠየቀውም።

አወቀ ሥራ አላጣም። ከታች ሆኖ ቆርቆሮ ያቀብላል። "በስንት ትሠራልኛለህ?" ብሎ የሚጠይቀው ሰው ግን የለም።