ካርድ የተሠራለት ደብተር

ማክሰኞ ግንቦት አሥራ አራት ቀን፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ከሩብ ላይ፣ የዩኒቨርሲቲው መዛግብት ክፍል ሠራተኛ አሥራ አራተኛውን ካርቶን ከፈተች። ካርቶኖቹ የመጡት ከቀድሞው የምርመራ ቢሮ ዕቃ ቤት ነው። አሥራ ሦስቱን ከፍታ ያ ነገር ስላልወጣ፣ ጠፍቶ ይሆናል ብላ ልቧን ማሳረፍ ጀምራ ነበር። አልጠፋም። ሰማያዊው የቃለ ጉባኤ ደብተር ከሁሉም በላይ ተኝቷል። ሽፋኑ ላይ ትንሿ የቤተ መጻሕፍት ካርድ በአግራፍ እንደተያዘች አለች። ጽሕፈቱ የገዛ እጇ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነበር። የዛሬ ሠላሳ አንድ ዓመት፣ ጦርነቱ ሁለተኛ ዓመቱን ሲይዝ፣ ተማሪዎቹ ግቢ ውስጥ «ጦርነቱ ይቁም» የሚል ኮሚቴ አቋቋሙ። ታናሽ ወንድሟ ተናጋሪው ነበር፤ እሷ ቃለ ጉባኤ ያዧ። ወረቀት ሲበትኑ ፊታቸውን የሚሸፍኑ ልጆች፣ ስብሰባ ሲመጡ ግን ተሰልፈው ይፈርሙ ነበር። እኛ ማኅበር ነን እንጂ ሽፍታ አይደለንም ባዮች ነበሩ። ፍተሻ ሊመጣ ነው ሲባል ወንድሟ ደብተሩን እንድታቃጥለው ነገራት። እሺ አለችው። እሷ ግን የቤተ መጻሕፍት ሙያ ተማሪ ነበረችና የተጻፈ ነገር ለማቃጠል እጇ እምቢ አለ። ወስዳ ማንም የማይነካው የግብርና መጽሔቶች ጥራዝ መሃል ሸጎጠችው።

በዚያ ብታበቃ ኖሮ እስከ ዛሬም የሚያገኘው አልነበረም። ችግሩ፣ ካርድ የሌለው መጽሐፍ እንደጠፋ ይቆጠራል ተብላ ነው የተማረችው። ሁለት ቀን ዕረፍት ነሳት። በሦስተኛው ቀን ካርድ ሠራችለት፤ ርእስ ጻፈችለት፣ የመደርደሪያ ቁጥር ሰጠችው፣ ካርዱንም በፊደል ተራው መሳቢያ ውስጥ አስገባችው። ፈታሾቹ መደርደሪያውን አልነኩም። መሳቢያውን ከፈቱ።

የፈረሙት ሃያ ሁለቱም ተያዙ። እሷንና ሌሎቹን ሴቶች ከሦስት ወር በኋላ ለቀቋቸው። ወንዶቹን፣ ጦርነቱ ያን ያህል ካሳሰባችሁ ሄዳችሁ እዩት ብለው ግንባር ላኳቸው። ወንድሟ ሁለት ወር አልቆየም። ሚስቱ ነፍሰ ጡር ነበረች፤ እሷም ልጇ ሁለት ዓመት ሳይሞላት አረፈች። ሕፃኗን ያሳደገቻት ይህችው ቃለ ጉባኤ ያዧ አክስቷ ናት።

ቤት ውስጥ የሚወራው ግን ሌላ ነበር። ለቁመቱ «ቀጭኔ» የሚሉት ጓደኛቸው ሳይታሰር ስለቀረ፣ ጠቋሚው እሱ ነው ተባለ። እሷ ነው አላለችም። አይደለምም አላለችም። እናታቸው እስክትሞት ድረስ እሱ ያለበትን መንገድ አቋርጣ በማዶ ትሄድ ነበር። ልጅቷም ከፍ ስትል ባየችው ቁጥር ትፍ ብላ ታልፈዋለች።

ይህች ልጅ አሁን በዚያው ዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዲግሪዋን እየሠራች ነው፤ የጥናቷም ርእስ ያ ኮሚቴ። እውነቱን ለመናገር፣ የምትፈልገው አንድ ነገር ነው፤ የአባቷን ፊርማ። እናቷ ፍተሻውን ፈርታ የሱን ወረቀት ሁሉ ስላቃጠለች፣ የእጁን ጽሕፈት አይታ አታውቅም። ለዛሬ አሥር ሰዓት ቀጠሮ ይዛለች።

ደብተሩን ከሰጠቻት ፊርማውን ታገኛለች። ካርዱን ካየች ደግሞ ጽሕፈቱ የማን እንደሆነ ለማወቅ ሁለተኛ ማየት አያስፈልጋትም። ቤታቸው ያለው ጣሳ ሁሉ፣ ጨው በሉት ስኳር በሉት፣ በዚሁ እጅ የተጻፈ ቁጥር ተለጥፎበታል። «እታለም፣ እኔንስ የትኛው መደርደሪያ ላይ ነው የመዘገብሽኝ?» እያለች ስትስቅባት ነው ያደገችው። እታለም ብሎ የሚጠራት አባቷ ነበር፤ ልጅቷ አጠራሩን ከሰው ሰምታ ወረሰችው።

ክፍሉ ምድር ቤት ነው፤ መስኮት የለውም፤ በሩም አንድ ነው። በሩ ላይ ያለው ጥበቃ በሃያ ሰባት ዓመት ውስጥ አንድ ቀን እንኳ ቦርሳዋን ሳያይ አሳልፏት አያውቅም። ዛሬስ የማንን ምስጢር ይዘሽ ልትወጪ ነው ይላታል፤ እየሳቀ ነው፤ ግን ይፈትሻል። መጸዳጃ ቤቱም ከሱ ማዶ ነው። ካርዱን ከአግራፉ አላቀቀች። በእጇ ይዛ ወዲያና ወዲህ አለች፤ ወዲያም ግድግዳ፣ ወዲህም ግድግዳ። በመጨረሻ የጋዎኗ ኪስ ውስጥ ከተተችው። ጋዎኑ ከክፍሉ አይወጣም። ካርዱም አይወጣም። ተቀምጣ በደብተሩ ቅጠሎች ጥግ ላይ በእርሳስ ተራ ቁጥር መጻፍ ጀመረች፤ ሰባትን ሁለት ጊዜ ጻፈች፤ በላጲስ አጠፋች።

አሥር ሰዓት ላይ ልጅቷ እጇን ታጥባ፣ እርሳሷን ይዛ ገባች። እንደ ማንኛውም አንባቢ ቅጹን ሞልታ ሰጠቻት፤ ደብተሩን ተቀበለች፤ የመጨረሻውን ስብሰባ ገለጠች። አባቷ ዘጠነኛው ፈራሚ ነው። ጣቷን ወረቀቱን ሳታስነካ ከፊርማው በላይ ይዛ ብዙ ቆየች። መጨረሻው ላይ ጭራ አለው፣ የኔም እኮ እንዲህ ነው አለች። ከዚያ እንባዋ መጣ፤ ወረቀቱ ላይ እንዳይንጠባጠብ ወንበሯን ወደ ኋላ ገፋች። ይህንንም ያስተማረቻት እታለም ናት።

አልቅሳ ሲወጣላት ደብተሩን ዘጋችው። ዓይኗ ሽፋኑ ላይ ቀረ። ሰማያዊው ዙሪያውን ገርጥቷል፤ መሃሉ ላይ ግን ካርድ የሚያህል አራት ማዕዘን እንደ አዲስ ደምቋል፤ ጫፉ ላይ የአግራፍ ዝገት አለ።

«እዚህ ላይ የነበረው ምንድን ነው?»

አክስቷ ሲመጣም አልነበረም ልትል አፏን ከፈተች። የዝገቱ ዱቄት ግን ገና ጠረጴዛው ላይ ነው። ነጩ ጋዎኗ ላይም፣ ከኪሱ አፍ፣ የሁለት ጣት የዝገት ምልክት አለ። ልጅቷ አየችው።

«እታለም፣ አንድ ነገር ከቦታው ሲነሳ በምትኩ ወረቀት ይገባል፣ ማን እንዳነሳውም ይጻፍበታል ያልሽኝ አንቺ ነሽ። ወረቀቱ የታለ?»

አክስቷ ካርዱን አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አኖረችው።

ልጅቷ አነበበችው። ጀርባውን ገለበጠችው፤ የመርማሪው ማኅተም አለበት፤ ከሥሩ «ከካርድ መሳቢያ የተገኘ» ይላል። መልሳ ወደ ፊቱ አዞረችው። ቁጥሩ ውስጥ ያለው አራት፣ የስኳሩ ጣሳ ላይ ያለው አራት ነው።

«ካርድ ሠራሽለት» አለች።

«ሠራሁለት።»

«ቀጭኔስ?»

«እሱ ያን ቀን አርፍዶ ነው የመጣው። ደብተሩን ዘግቼው ነበር፤ አልፈረመም።»

«ይህን ሁሉ ዓመት እያወቅሽ?»

«እማማ የምትጠላው ሰው ትፈልግ ነበር» አለች አክስቷ። «እሱን ካጣች እኔን ታገኛለች ብዬ ፈራሁ። ከዚያ ደግሞ አንቺ አለሽ። አንቺን ፈራሁ።»

ልጅቷ ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም። ካርዱን ደማቁ አራት ማዕዘን ላይ መለሰችው፤ ልክክ አለ። ቁጥር እንድትሰጠው ነገረቻት፤ እጇን አጣምራም ቆማ ጠበቀች። ካርዱ ከሽፋኑ ላይ ስለሆነ ቅጠል አንድ መሆን ያለበት እሱ ነው፤ አንድ ግን ተይዟል። አክስቷ የጻፈችውን ሁሉ በላጲስ አጠፋችና ከመጀመሪያው ጀመረች። እስከ አሥራ አንድ ተኩል ፈጀባት። ልጅቷ አልተቀመጠችም።

ሲወጡ ጥበቃው የአክስቷን ቦርሳ ከፍቶ የተለመደውን ጠየቃት። ዛሬ ምንም አልያዝኩም አለችው። እሱ እንደ ልማዱ ሳቀ፤ ልጅቷ ቀድማት ደረጃውን ወጥታ ነበር።

ቅዳሜ ዕለት ልጅቷ ቀጭኔ የሚሠራበትን ልብስ ስፌት ቤት ጠያይቃ አገኘችው። ተዘግቷል። ጎረቤቱ ያለው ጫማ ሠሪ እንደነገራት፣ ሰውየው የሞተው በጥር ነው።