ሞቶ የተነሳው የጨው ነጋዴ

ፈረጅ ሸራው ላይ ሲሞት አዳራሹ በሳቅ ፈነዳ።

ፊተኛው ወንበር ላይ የተቀመጠው ፈረጅ ዞር ብሎ ኋላውን አየ። ሁለት መቶ የሚሆኑ ወጣቶች አፋቸውን ከፍተው ይስቃሉ። ሸራው ላይ ያለው እሱ ራሱ ነው፤ በአሥራ አራት ዓመት ያንሳል። ጭቃ ውስጥ በግንባሩ ተደፍቷል። ጆንያው ተቀዶ ጨው ይፈሳል። በቅሎዋ ጠጋ ብላ አንገቱን አሸተተችው። ይህን ጊዜ ወጣቶቹ ባንድ ድምፅ "ተነስ! ተነስ!" እያሉ ወለሉን በእግራቸው ይደበድቡ ጀመር። ከየኪሳቸው ጨው እያወጡ ወደ ሸራው በተኑ። ጥቂቱ ፈረጅ ትከሻ ላይ አረፈ። በጣቱ አንስቶ ቀመሰው። እውነተኛ ጨው ነው።

"ምን እያደረጉ ነው?" አለው አጠገቡ የተቀመጠውን ባየው የተባለ ወጣት።

"ልማድ ነው ጋሼ። ሁልጊዜ እዚህ ቦታ ላይ ጨው ይበተናል። ፍቅር ነው።"

"ሰው ሲሞት?"

"ይነሳል እኮ! ቆይ ያያሉ።"

ፈረጅ ወደ ሸራው ዞረ። እሱ በሠራው ፊልም ውስጥ የሞተው ሰውዬ አይነሳም።

ከአሊዩ አምባ የተነሳው ጎሕ ሲቀድ ነበር። በአንኮበር በኩል ዳገቱን ወጥቶ ደብረ ብርሃን ሲደርስ ብርዱ ጉልበቱ ውስጥ ገብቶ፣ ፊልሙም ተጀምሮ ነበር። የመጣው ለራሱ አይደለም፤ ለኢክራማ ነው። ኢክራማ በአሊዩ አምባ የሠርግ ቪዲዮ ቀራጭ ነበር። አንድ ቀን ተነስቶ "የአባቶቻችንን ታሪክ እሠራለሁ" አለና ሱቁን ሸጦ "አንድ ጭነት ጨው" የሚል ፊልም ሠራ። ጨው ነጋዴው ፈረጅ ሆነ። በቅሎዋም የፈረጅ ነበረች። ፊልሙ በሁለት ሲዲ ወጣ። የገዛው ሰው በጣት ይቆጠራል። ገበያተኛው ኢክራማን "እብዱ ካሜራ" ይለው ጀመር። ከሦስት ዓመት በፊት በኩላሊት ሕመም እስኪሞት ድረስ ይህ ስም አልለቀቀውም።

ባለፈው ወር ባየው ስልክ ደወለ። ኮምፒውተር ጠጋኝ ነው። በደብረ ብርሃን የፊልም ወዳጆች ማኅበር አቋቁሟል። "ፊልሙን ደብረ ሲና መንገድ ዳር ከአሮጌ ዕቃ ሻጭ አገኘሁት። ቴሌግራም ላይ ለቀቅነው። ሰው አብዷል ጋሼ! አዲስ አበባ ለፌስቲቫል ተመርጧል" አለ። የቀረው የቤተሰብ ፈቃድ ብቻ ነበር። የኢክራማ ሚስት ኩብራ ባሏ ከሞተ ወዲህ ፊልሙን ማየት አልቻለችም። "አንተ ካየኸው እኔ አየሁት። ካመንክበት ፈርምላቸው" ብላ ለፈረጅ ውክልና ሰጠችው። መንገዱን ሁሉ ፈረጅ ደስ ብሎት ነበር። በመጨረሻ አንድ ሰው ኢክራማን እብድ ሳይሆን ሌላ ነገር ብሎ ሊጠራው ነው።

ሸራው ላይ ቀብሩ አለቀ። የጨው ነጋዴው ልጅ በቅሎዋን እየሳበች ብቻዋን ዳገቱን ወጣች። ፊልሙ አለቀ ብሎ ፈረጅ ጋቢውን ሰበሰበ። ሸራው ለአፍታ ጠቆረ። ከዚያ የአሊዩ አምባ ገበያ ታየ፤ ጨው ነጋዴው በሕይወት ተቀምጦ ለልጁ የመስታወት አምባር ይከራከራል።

"ተነሳ! ተነሳ!" አዳራሹ በጭብጨባ ተናወጠ።

ፈረጅ የሰበሰበውን ጋቢ ለቀቀው። ይህ የፊልሙ መጀመሪያ ነው። መጨረሻውን አስቀድመው፣ መጀመሪያውን አስከትለው እያዩ ናቸው።

ሊነሳ ፈለገ። ምናልባት እኔ ተሳስቼ ይሆናል ብሎ ተቀመጠ። ግን አልተሳሳተም። ሽማግሌዎች መጡ፤ አባትየው ልጁን ለማታውቀው ሰው ሊድር ቃል ሰጠ። አባትና ልጅ ጨው ጭነው ወደ ሙሽራው አገር ዳገቱን ወጡ። ጭጋጉ ውስጥ አባትየው ቆመ። ወደ ልጁ ዞረ። "እኔ የምልሽ ልጄ፣" አለ። ተቆረጠ። የመጀመሪያው ሲዲ እዚያ ላይ ሞልቶ ነበር።

አዳራሹ ያችን ግማሽ ዓረፍተ ነገር አብሮት ተናገረና ብድግ ብሎ አጨበጨበ። ፈረጅ ያኔ ነው የባየውን ካኔቴራ ልብ ብሎ ያየው። ደረቱ ላይ የፈረጅ ፊት ታትሟል። ከሥሩ "እኔ የምልሽ ልጄ…" ይላል።

ባየው መድረክ ላይ ዘለለ። "ይሄ ፊልም" አለ ማይኩን ይዞ፣ "በአገራችን ከተሠሩት ሁሉ ወጣ ያለው ነው! ሲጀምር ጨለማ ውስጥ ድምፅ ብቻ እንሰማለን፤ 'አንቺ ሂጂ፣ እኔ እመለሳለሁ።' ሰውየው ይሞታል። እንዳለውም ይመለሳል! መጨረሻ ላይ ደግሞ ሊነግረን የነበረውን ነገር ሳይነግረን ያቆማል። ማን ነው እንዲህ የደፈረ?"

"ቀሽም ነው" አለች አንዲት ሴት ከመሐል።

ሁሉም ጮኸባት። "አርሴማ ደግሞ ጀመረች!" "ወደ መድኃኒት ቤት ሥራሽ ተመለሽ!" "ሰውየው እኮ እዚህ ተቀምጠዋል፤ እፈሪ!"

አርሴማ አልተቀመጠችም። ቀጭን ናት፤ ሹራቧን እስከ አገጯ ስባለች። "ይቅርታ ጋሼ" አለች ወደ ፈረጅ። "እርስዎን አይደለም። እኔ ፊልሙን ሦስት ጊዜ አይቼዋለሁ። አባቷን በእጇ የቀበረች ልጅ አባቷ ሻይ አምጪ ሲላት አትደነግጥም? በቀብሩ ቀን በእጇ ያደረገችውን አምባር ከቀብሩ በኋላ ይገዛላታል? ደግሞ ሲወድቅ ካሜራው ይንቀጠቀጣል። የሠራው ሰው አያውቅበትም።"

"ያ ነው ጥበቡ!" አለ ባየው። "ጊዜን ገለበጠው!"

"ያላወቀበትን ሁሉ ጥበብ ካልከው የእኔም አክስት ዳይሬክተር ናት።"

ተሳቀ። አንዱ አፏጨ። ሌላው የቀረችውን ጨው ወደ አርሴማ ወረወረ። ፈረጅ ልጅቷን አያት። እስካሁን ከተናገሩት ሁሉ አምባሩን ያየችው እሷ ብቻ ናት።

ባየው እጁን ይዞ መድረክ ላይ አወጣው። ስልኮች ሁሉ ወደ ላይ ተነሱ።

"ጋሼ፣ አንዴ ይውደቁልን!" አለ ከኋላ አንድ ድምፅ።

"አዎ! ይውደቁ! ይውደቁ!"

ፈረጅ ማይኩን አልተቀበለም። ድምፁ አይጮህም፤ ግን አዳራሹ ቀስ በቀስ ዝም አለ።

"አራት ጊዜ ወድቄያለሁ" አለ። "አንኮበር ቁልቁለት ላይ፣ በሐምሌ። በሦስተኛው ጎድኔ ተሰነጠቀ። በአራተኛው ካሜራው የተንቀጠቀጠው ኢክራማ እያለቀሰ ይቀርጽ ስለነበር ነው። አባቱ በዚያ መንገድ ላይ ነው የሞተው። ምኑ ነው ያሳቃችሁ?"

አንዳንዱ ስልኩን አወረደ።

ፈረጅ ወደ ባየው ዞረ። "ሲዲዎቹን አምጣ።"

ባየው ከላፕቶፑ ጎን አሮጌ የፕላስቲክ ማኅደር አነሳ። እንደ መጽሐፍ ይከፈታል። በቀኝ አንድ፣ በግራ አንድ ሲዲ። ቁጥር አልተጻፈባቸውም።

"የቱን አስቀደምክ?"

"የግራውን።"

"ለምን?"

ባየው ግራ ገባው። "ጋሼ… ነገር ከግራ ወደ ቀኝ አይደል የሚነበበው?"

"አንተ ስታነብ። ኢክራማ ቤት ሲገባ በቀኝ እግሩ ነው። ሲበላ በቀኝ እጁ፣ ቁርአን ሲከፍት ከቀኝ ነው። ፊልሙን ደግሞ በግራ ይጀምርልህ? የመጀመሪያው የቀኙ ነው። ማንም አልተነሳም። አባትየው እዚያ ጭጋግ ውስጥ 'እኔ የምልሽ ልጄ፣ አንቺ ሂጂ፣ እኔ እመለሳለሁ' አላት። ለማትፈልገው ሰው አልሰጥሽም፣ ወደ ፈለግሽበት ሂጂ ማለቱ ነው። ቃሉን ስላጠፈ በሽማግሌዎቹ ፊት ብቻውን ሊወቀስ ተመለሰ። ሲመለስ መንገድ ላይ ሞተ። በቃ። ታሪኩ ይሄ ነው።"

ጥቂቶች እርስ በርስ ተያዩ። ከዚያ ከኋላ አንዱ፣ "ስለዚህ ዳይሬክተሩ ባየው ነዋ!" ሲል ሳቁ እንደገና ፈነዳ።

"ይሄ እንዲያውም የባሰ አሪፍ ነው!"

"ባየው፣ የካኔቴራውን ገንዘብ መልስልን!"

"አይ፣ እንደተገለበጠ ይሻላል! በትክክሉማ ተራ የቤተሰብ ድራማ ነው!"

"ማን ነው ተራ ያለው?" አለ ፈረጅ። "አይተኸዋል?"

ወጣቱ ስልኩን ኪሱ ከተተ። ሰዎች መነሳት ጀመሩ። የተበተነው ጨው በጫማቸው ሥር እየተፈጨ ይንቋቋል።

ባየው ፈረጅን ወደ ፕሮጀክተሩ ጥግ ወሰደው። ፊቱ ቀልቷል። ቢሆንም ወረቀቱንና እስክሪብቶውን ይዟል።

"ጋሼ፣ ይስሙኝ። ስህተቱ የኔ ነው፤ አልክድም። ግን ፌስቲቫሉ የመረጠው ይሄንን ነው። ፈቃዱ ዛሬ መግባት አለበት። የኢክራማ ስም በትልቅ ሸራ ላይ ይወጣል። ከዚያ በኋላ ትክክለኛውን እናሳያለን፤ እምላለሁ።"

"ከዚያ በኋላ ማን ያየዋል?"

"አሁንስ በትክክሉ ማን አየው? አይቆጡኝና ጋሼ፣ በትክክሉ ሲሆን አሥራ አራት ዓመት ማንም ዞር ብሎ አላየውም። የወደዱት ሲገለበጥ ነው።"

ፈረጅ ወረቀቱን አየ። እውነት ነው። ያልተሸጠው ሲዲ በካርቶን ሆኖ እስካሁን ኩብራ አልጋ ሥር አለ። ይህ ልጅ ባይሳሳት ኖሮ ዛሬ እዚህ ማንም አይቀመጥም ነበር። ለአፍታ እጁ ወደ እስክሪብቶው ሄደ። ኩብራ የባሏን ስም በሬዲዮ ብትሰማ ብሎ አሰበ። ከዚያ ደግሞ ሌላው ታየው፤ አዲስ አበባ ውስጥ የማያውቃቸው ሰዎች የኢክራማ አባት በሞተበት ቁልቁለት ላይ ጨው እየበተኑ ሲስቁ።

"ሲኖር ባልሠራው ነገር እብድ አላልነውም" አለ። "በሠራው ነገር ነው እብድ ያልነው። አንተ ግን ባልሠራው ነገር ሊቅ ልታደርገው ነው። ከሁለቱ የትኛው ስድብ እንደሚብስ አላውቅም።"

"ጋሼ…"

"የኔን ፊት ደረትህ ላይ ለጥፈሃል። እኔ ያንን ግማሽ ቃል አልተናገርኩም። እስከ መጨረሻው ነው የተናገርኩት። ልጁን ነጻ ያወጣበትን ቃል ቆርጣችሁ፣ ግማሹን ለብሳችሁ ትዞራላችሁ!" ድምፁ ለመጀመሪያ ጊዜ ከፍ አለ። በር ላይ የደረሱት ሁለት ልጆች ዞረው አዩት።

ባየው ወረቀቱን አልሰበሰበም። "መኪናዎ ዘጠኝ ሰዓት ይወጣል" አለ ቀስ ብሎ። "የአሊዩ አምባው የመጨረሻ ነው። ሩብ ጉዳይ ሆኗል። ፈርመው ቢሄዱ፣ መንገድ ላይ ቢያስቡበት፣ ካልፈለጉ ይደውሉልኝና…"

"ከፈረምኩ በኋላ ላስብ?"

ባየው አንገቱን ደፋ።

አዳራሹ ባዶ ሊሆን ምንም አልቀረውም። አርሴማ መሐል ላይ ተቀምጣ ከጸጉሯ ውስጥ ጨው ታራግፋለች።

"አንቺ ልጅ" አላት ፈረጅ።

ብድግ አለች። "ጋሼ፣ የቅድሙን ይቅርታ ያድርጉልኝ። ክፉ ተናገርኩ።"

"እውነት ነው የተናገርሽው። የተገለበጠ ነገር አይተሽ ተገልብጧል አልሽ። እነዚህ ሁሉ ያላዩትን።" ወደ ሸራው በአገጩ ጠቆመ። "ሥራ አለብሽ?"

"ዛሬ ተረኛ አይደለሁም።"

"ከቀኙ ጀምሮ ባሳይሽ ታያለሽ?"

አርሴማ ባየውን አየች፤ ከዚያ ሽማግሌውን። "ልዋሽዎት አልችልም። ያኔም ብጠላውስ?"

"ጥዪው። ያኔ የጠላሽው ኢክራማን ይሆናል፤ እስካሁን የጠላሽው ባየውን ነው።"

ባየው ሳይወድ ፈገግ አለ። ወዲያው ፈገግታው ጠፋ። "ጋሼ፣ መኪናው…"

"ይሂድ።"

"ማደሪያ አለዎት?"

"እፈልጋለሁ። አንተም ተቀመጥ። አንተም አላየኸውም።"

ፈረጅ ያልፈረመበትን ወረቀት አጥፎ ለባየው መለሰለት። የቀኙን ሲዲ ከማኅደሩ አውጥቶ በጋቢው ጫፍ ጠረገና ሰጠው። ከዚያ ሄዶ አርሴማ አጠገብ ተቀመጠ፤ በመካከላቸው ለባየው አንድ ወንበር ክፍት ትቶ።